የዳኛው ጠረጴዛ

ሆን ብዬ ወንበር የሰበርኩት አንዴ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ሰበረች አይባልም፤ የኋላ እግሩን ሁለት ብሎኖች ፈትቼ ታክሲ ላይ ጫንኩት። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት፣ የዳኛ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ መጻሕፍት የማውስና ለተማሪ ሁሉ ሥነ ሥርዓት የምሰብክ ሰው፣ ጤነኛ ወንበር አሳምሜ ወደ ሐኪም ስወስድ ብታዩኝ ትታዘቡኝ ነበር።

ሐኪሙ የወንበር ሐኪም ነው። አሮጌ የእንጨት ዕቃ ያድሳል። ከሱቁ በር በላይ «የታመመ ወንበር እናክማለን» የሚል ሰሌዳ ስለሰቀለ ሰፈሩ በሙሉ «ሐኪሙ» ይለዋል፤ ጉንፋን የያዘው ሁሉ እየሄደ ይቀልድበታል። ከሁለት ሳምንት በፊት በእውነት የተሰበረ ወንበር ወስጄለት ነበር። ሲመልስልኝ ዓይኑን ከሥራው አንስቶ አንዴ አየኝ። ያንን አስተያየት ይዤው ወደ ቤት ሄድኩ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አብሮኝ በላ፣ አብሮኝ ጠጣ።

ሁለተኛውን ወንበር ገልብጦ አየውና ብሎኖቹ የነበሩበትን ቀዳዳ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ይሄ እንኳ አልታመመም» አለ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«ሰው መርዞት ነው።»

እኔ መሬት መሬት ሳይ እሱ እጁን ዘርግቶ ብሎኖቹን ጠየቀኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። አውጥቼ ሰጠሁት፤ ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ዓመት ከአራት ወር እንዲህ ስንስቅ ቆየን። እንደዚያ የሳቅኩበት ዘመን ከዚያ በፊትም አልነበረም፣ ከዚያም በኋላ አልመጣም።

አባቴ ግን «ጠራቢው» ነው የሚለው። ሠላሳ አራት ዓመት በዳኝነት የኖረ ሰው ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነን። የሐኪሜን ነገር ስነግረው ብዙም አልተቆጣም፤ «ልጄን ያስተማርኩት ለጠራቢ አይደለም» ብሎ ጋዜጣውን ዘረጋ። በአባቴ ቤት ጋዜጣ ተዘረጋ ማለት ችሎቱ ተነሣ ማለት ነው።

ያ ጋዜጣ ግን አይነበብም ነበር። የቤታችን ምስጢር ይህ ነው። አባቴ የዓይን ግፊት ይዞት ከሁለት ዓመት ተኩል ወዲህ ምንም አያይም። ይህንን የምናውቀው እኔና ሩቅ ከተማ ያለው የዓይን ሐኪሙ ብቻ ነን። የመጨረሻው ብርሃን የጠፋ ቀን እጄን ይዞ አስማለኝ።

«እኔ የፈረድኩባቸው ሰዎች በዚህ ከተማ ውስጥ ብዙ ናቸው» አለ። «ዓይኑ ጠፋ ቢባል ‘ፈጣሪ ፈረደበት’ ነው የሚሉት። ያንን እየሰማሁ መኖር አልችልም። ከዚህ ቤት ውጪ አንድ ሰው ቢሰማ ልጄ አይደለሽም።»

ማልኩ። እናንተም በእኔ ቦታ ብትሆኑ ትምሉ ነበር፤ አባቴ ሲለምን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እንግዳ ሲመጣ አባቴ ጠረጴዛው ኋላ ይቀመጣል። አርባ ዓመት የጻፈበት ጠረጴዛ ነው። ላዩን በመዳፉ ያነበው ነበር። ትኩስ ብርጭቆ ያፈካው ክብ ቦታ ላይ ቫርኒሹ ሻክሯል፤ ከዚያ ቀጥሎ ስልኩ አለ። ማኅተም ሲመታበት የኖረው ቦታ ጎድጉዷል፤ እስክሪብቶው እዚያ ይተኛል። በስተቀኝ ጠርዙ ላይ አንድ ቁራጭ ተፈንቅሏል፤ አውራ ጣቱን እዚያ ካሳረፈ የእንግዳው ወንበር ፊት ለፊቱ ነው፣ ዓይኑን ወዴት እንደሚያቀና ያውቃል። ስንት የድሮ ባልደረባ መጥቶ አውርቶ ሄዷል፤ አንድም የጠረጠረ የለም።

እንግዲህ ይህ ጠረጴዛ ባለፈው በጋ መሐሉ ላይ ተሰነጠቀ፤ መሳቢያውም አልከፈት አለ። ሐኪሜ ሲሰማ ደስ አለው።

«ለኔ ስጪኝ» አለ። «አባትሽ በጠረጴዛው በኩል ያውቀኛል። ለቃሌ ጆሮ ባይሰጥ ለእጄ ይሰጣል።»

አባቴን ለማሳመን ወር ፈጀብኝ። በመጨረሻ ስንጥቁ እጁን እየቧጨረው ስላስቸገረ እሺ አለ። ሐኪሜ ሊወስደው የመጣ ቀን በረንዳው ላይ ቆሜ ክንዱን ያዝኩት።

«ላዩን እንዳትነካው» አልኩት። «ስንጥቁን ብቻ ድፈን። መሳቢያውን አላቅቀው። ሌላውን ተወው፣ አደራህን።»

«ለምን?»

«አባቴ አሮጌ ነገር እንደ አሮጌነቱ ነው የሚወደው።»

ሳቀ። «ሁሉም እንደዚያ ይላል። ሲያየው ግን ሐሳቡን ይለውጣል።»

እዚህ ላይ ፊቴን አዞርኩ። ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ ይህንን ታሪክ አትሰሙትም ነበር። እሱ ፊቴን ማዞሬን ሌላ አድርጎ ተረዳው፤ ልፋቱን አስቤ፣ ሐፍረት ይዞኝ መሰለው። «ለሌላ ሰው የማልሠራውን ነው ለአባትሽ የምሠራው» አለኝ፤ እንዲህ ያለው ከልቡ ነው፤ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሱቁ አላስገባኝም። «እስኪያልቅ አታይውም» እያለ በር ላይ ቆሞ ያስቀኛል፣ ይመልሰኛል። እኔም ጅል ሆንኩና በሩ ላይ ቆሜ መሳቅ በቃኝ።

ዓርብ ከሰዓት ሁለት ተሸካሚዎች በብርድ ልብስ ጠቅልለው አስገቡት። እሱ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጥፍሩ ሥር ግን ቀለሙ አልለቀቀም። ብርድ ልብሱን በአንድ ጫፉ ይዞ ገለጠው።

ክው አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ዕቃ አላየሁም። ቀዩ እንጨት ከውስጥ በርቷል፤ ስንጥቁ የት እንደነበር አይታወቅም። ክቡ የለም። የማኅተሙ ጉድጓድ የለም። ጠርዙ ላይ የተፈነቀለው ቦታ በአዲስ እንጨት ተሞልቶ፣ ተልጎ፣ ቀለሙም የእንጨቱ መስመርም ተገጣጥሟል። መስተዋት ነው፤ እጅ የሚይዘው ነገር የለውም።

«የጎደጎደውን እርጥብ ጨርቅ አልብሼ በካውያ ተኮስኩት» አለኝ በሹክሹክታ፣ ፊቱ እየበራ። «እንጨት እኮ አይረሳም፤ ውሃና ሙቀት ሲያገኝ ተነሥቶ ቦታውን ይይዛል። ሦስት ሌሊት በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ምነው ዝም አልሽ? አላማረም?»

አምሯል ልለው አልቻልኩም፣ አላማረም ልለውም አልቻልኩም። እሱ ደስታዬን ፊቴ ላይ እየፈለገ ሳለ የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ።

ለአባቴ ከበሩ እስከ ወንበሩ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ደረቱን ነፍቶ፣ ያንን የይምሰል መነጽሩን አድርጎ፣ አሥራ አንዱንም ተራመደና ተቀመጠ። ሁለት መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። መዳፎቹ ቆሙ፤ ከዚያ ቀስ ብለው መሄድ ጀመሩ። ወደ ብርጭቆው ቦታ ሄዱ፣ ተመለሱ። ወደ ማኅተሙ ቦታ ሄዱ፣ ተመለሱ። አውራ ጣቱ ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰ። የአባቴን ፊት ለሚያውቅ ሰው ያ ፊት ገበያ መሐል የጠፋ ሕፃን ፊት ነበር። ተሸካሚዎቹ ግን ያዩት አንድ ኩሩ ሽማግሌ ብቻ ነው።

«ይሄ የኔ ጠረጴዛ አይደለም» አለ።

ሐኪሜ የሚቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። «የርስዎ ነው እንጂ ክቡር ዳኛ። ደህና አድርገው ይመልከቱት።»

«እየተመለከትኩት ነው።»

«የእግሮቹን ቅርጽ ይዩት፣ የመሳቢያውን መያዣ…»

«ቅርጽ ማንም ይቀርጻል። የኔን ወስደህ ሌላ ነው ያመጣህልኝ። አሮጌ እንጨት ዛሬ እንደሚፈለግ የማላውቅ መሰለህ?»

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሌላውን አየው። የሐኪሜ ፈገግታ እንዳለ ፊቱ ላይ ደረቀ። አሁን ሳስበው ይገባኛል፤ እሱ ፊት ለፊት የቆመው ጠረጴዛውን ከአርባ ዓመት ጀምሮ የሚያውቅና ዓይኑን አፍጥጦ የሚክድ ሰው ነበር። ሊያዋርደው፣ ከልጁ ሊነጥለው ሆን ብሎ የሚዋሽ ዳኛ። ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል?

«እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «ልጅዎ ትናገር።»

«ንገሪው» አለ አባቴ። «የኛ ነው?»

ድምፁ የችሎት ድምፅ ነበር። ከጠረጴዛው በታች ጉልበቱ ላይ የወረደው ግራ እጁ ግን ሱሪውን ጨብጦ ይዞ ነበር፤ ያንን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። የኛ ነው ብል በር ላይ የቆሙት ሁለቱ ሰዎች «ታዲያ ሽማግሌው አላየውም እንዴ?» ሊሉ ነው። እስኪመሽ ከተማው ሊሰማ ነው። ይህንን ሁሉ ያሰብኩት አንዴ ተንፍሼ አንዴ እስክተነፍስ ነው።

«አላውቅም አባዬ» አልኩ። «ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።»

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ እኔ ዝም እንኳ ማለት አቃተኝ።

ሐኪሜ አየኝ። ቢቆጣ፣ ቢሰድበኝ፣ በሩን ቢያላጋው በወደድኩ። የዚያን የመጀመሪያውን ቀን ያየኝ ሰው የት እንደሄደ እንጃ፤ መንገድ የሚጠይቀኝ ሰው ይመስል አየኝ። ከዚያ ብርድ ልብሱን አነሣና አራት አድርጎ በጥንቃቄ አጠፈው።

«ክቡር ዳኛ» አለ፣ በር ላይ ደርሶ፤ «ሌላ ጠረጴዛ የለኝም። ካገኙብኝ ይክሰሱኝ።»

እግሮቻቸው ደረጃውን እስኪጨርሱ ቆሜ ሰማሁ። በዚያ ሰዓት ወሽመጤ ተቆረጠ፤ ሌላ አባባል የለኝም።

ወዲያው መሳቢያውን ስቤ አወጣሁና የአባቴን እጅ ይዤ ወደ ውስጠኛው ጀርባ ወሰድኩት። ሐኪሜ እዚያ አልደረሰበትም። በወጣትነቱ አባቴ ራሱ የመታው አንድ የጎበጠ ሚስማር ነበር። ጣቱ ሚስማሩን አገኘው። አንዴ ዳሰሰው፣ ደገመው።

«የኛ ነው» አለ።

«የኛ ነው አባዬ።»

«ሰውየውን ሌባ አደረግኩት።»

«እኔም አብሬህ።»

ወደ መኝታ ቤቱ ሲሄድ እርምጃውን መቁጠር ረስቶ ትከሻው ከበሩ ጋር ተጋጨ፤ ግን አልተከተልኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት ደብዳቤ ጻፍኩለት። ስድስት ወረቀት ቀድጄ የተረፈው አራት መስመር ነው፤ «ይቅር በለኝ። ጠረጴዛው የኛ እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ለምን እንዳላልኩት ግን ልነግርህ አልችልም። ምዬበታለሁ።» በሦስተኛው ቀን ያው ወረቀት ተመለሰልኝ። ጀርባው ላይ በአናጢ እርሳስ እንዲህ ተጽፏል፤ «ምክንያት አልጠየቅኩሽም። የጠበቅኩት ሁለት ቃል ነበር።»

በዚያው ሳምንት በሱቁ በኩል አለፍኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ተሸካሚዎቹ ያዩትን አውርተዋል። አንዲት እናት እግሩ የወለቀ ወንበራቸውን ሳይጠገን መልሰው ጋሪ ላይ ሲጭኑ አየሁ። እሱ ከኋላ ደግፎ እየጫነላቸው ነበር። «ሐኪሙ ጥሩ ዕቃ ካየ ይለውጣል አሉ» ስትል አንዲት ልጅ ሰማሁ። ሐኪሜ በሃያ ዓመት ያፈራው ስሙ ብቻ ነበር። ወንበሩ ላይ ገመድ አስሮ ሲጨርስ እጁን አራገፈና ወደ ውስጥ ገባ፤ ሱቁ ከሩቅ ሲታይ ባዶ ነበር። እኔ ከቤት የተባረርኩ ያህል ተሰማኝና መንገዱን ተሻገርኩ።

ማታ አባቴ ወጥ ቤት በር ላይ መጥቶ ቆመ። «የምታለቅሺበትን ወረቀት አንብቢልኝ» አለ። አነበብኩለት፤ የእኔንም፣ የእሱንም። ጋሪ ላይ ስለተጫነው ወንበርም ነገርኩት።

«የፈረድኩት ፍርድ በይግባኝ ተሽሮብኝ አያውቅም» አለ። «ይሄንን ራሴ እሽረዋለሁ። ነገ ይዘሽኝ ትሄጃለሽ።»

በማግስቱ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ። ረፋድ ላይ ነው፤ ጎዳናው በሰው ተሞልቷል። ክንዴን ይዞ፣ በሌላው እጁ በዱላ መሬቱን እየነካ ሲሄድ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። ከሱቁ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሁለቱ ተሸካሚዎች ተቀምጠው ነበር። አባቴ ድምፃቸውን ሲሰማ ቆመ።

«እነማን አሉ እዚህ?» ሲል ጠየቀኝ። ነገርኩት። «ጥሩ። እነሱም ይስሙ።»

ሐኪሜ የብርጭቆ ወረቀት በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ወጣ።

«ስማኝ ልጄ» አለ አባቴ፣ በግምት ወደ በሩ ዞሮ። ትንሽ ስቷል፤ የሚያናግረው ግድግዳውን ነበር። «ጠረጴዛው የኔ ነው። አንተ አልሰረቅህም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ አላይም። ሁለት ዓመት ተኩል ሆነኝ። እንጨቱን የማውቀው በጠባሳው ነበር፤ አንተ ጠባሳውን አዳንከው፣ እኔ ጠፋብኝ። እዚህ ያላችሁም ስሙ፤ ይሄ ሰው ንጹሕ ነው። በእኔ የምትፈርዱትን ፍረዱ።»

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ቆቡን አወለቀ። አባቴ የሚፈራው ሳቅ ከማንም አልመጣም። ሐኪሜ የያዘውን ጥሎ መጣ፤ የአባቴን እጅ ያዘ፣ አስገብቶ አስቀመጠው፣ እግሩ ሥር ተንበረከከ።

«ምነው ክቡር ዳኛ፣ ይህን ያህል ለኔ?» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ባውቅ ኖሮ አንዱንም አልነካም ነበር። እያንዳንዱን በእጄ ነው ያጠፋሁት።»

«አንተ ምን ታደርግ። አልነገርንህም።» አባቴ በአየር ላይ እጄን ፈለገና አገኘው። «አሁን ደግሞ ጠራቢ ያልኩበትን አፌን ይቅር በለው። ልጄ አንተን ትወዳለች። እኔም ደስ ብሎኝ እሰጥሃለሁ።»

ይህንን ቃል አንድ ዓመት ከአራት ወር ጠብቄዋለሁ። ሐኪሜ ቀና ብሎ አየኝ፤ ያን ጊዜ ዓይኑ ውስጥ ፍቅሩ ሁሉ እንዳለ ነበር። ስላየሁት ነው ይህንን የምላችሁ፤ አላለቀም ነበር። ለዚህ ነው የባሰ ያመመኝ።

«ክቡር ዳኛ» አለ፣ ዓይኑን ከኔ ሳያነሣ፤ «እርስዎን ይቅር የምልዎት ነገር የለም። እርስዎ አላዩኝም። እሷ ግን እያየችኝ ነበር።»

አፌን ከፈትኩ። ምዬ ነበር ልል፣ አባቴን ላድን ብዬ ነው ልል። ሁሉንም ያውቀዋል፤ አሁን ሰምቷል። ራሱን በቀስታ ነቀነቀ።

«ክፉ ሆነሽ እንዳልሆነ ገብቶኛል» አለኝ። «አባትሽን ነው ያዳንሽው፤ ሌላ ሰው ብሆን አመሰግንሽ ነበር። ግን ነገ ደግሞ ሌላ ቀን ይመጣል፣ ሌላ ሰው በር ላይ ይቆማል፣ እኔም ዞሬ አይሻለሁ። ምን እንደምትይ ሳላውቅ እንዴት ከሰው ጋር እኖራለሁ?»

መልስ ቢኖረኝ ይሰማኝ ነበር፤ ጠብቆኛል። ከዚያ ተነሣ፤ አባቴን ክንዱን ደግፎ እስከ በሩ አደረሰው፣ ዱላውንም በእጁ አስያዘው። ለኔ መንገድ ለቀቀልኝ።

የሰፈራችን ዳገት ሲጀምር አባቴ ቆመ።

«ፊቱ እንዴት ነበር?» አለ። «እኔ አላየሁትም። ንገሪኝ።»

«እያለቀሰ ነበር።»

«አንቺስ?»

«እኔም።»

ጥቂት ሄድን። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «እኔ ባላስምልሽ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

ዝም ብል ኖሮ እሱም ይጽናና ነበር፣ እኔም ከጥፋቱ ኋላ ተደብቄ እኖር ነበር። ዝም ማለት ግን አሁን በቃኝ።

«ያስማልከኝ ስለ ዓይንህ ነው አባዬ» አልኩት። «የኛ ነው እንዳልል አላስማልከኝም።»

አባቴ ክንዴን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ፤ ፊታችን ገና ብዙ ዳገት ነበር። «ድንጋይ አለ፣ እግርህን አንሣ» አልኩት። አነሣ።